የደራሲነት ድርሻ በምን ይለካ?

እ.ኤ.አ. በ2015 ሴርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የሚሠሩት የአትላስና የሲኤምኤስ የተመራማሪ ቡድኖች ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት መጠነ ቁስ ለክተው ባሳተሙት የጋራ የምርምር ጽሑፍ ላይ 5,154 ደራሲያን ተመዝግበዋል፤ ከ33ቱ ገጾች 24ቱን የያዘው የስምና የተቋማት ዝርዝር ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው፣ ተመራማሪን ጽሑፎቹ በሌሎች በተጠቀሱበት ብዛት የሚመዝነው ኤች-ኢንዴክስ ደግሞ የደራሲያኑን ብዛትም ሆነ የስማቸውን ቅደም ተከተል ከግምት አያስገባም፤ ነጥቡ 20 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ብቻ ነው። በመሆኑም ለሙከራው ዓመታት የደከመ ወጣት ተመራማሪና ረቂቁን አንድ ጊዜ አይቶ የመለሰ ኃላፊ ከዚያ ጽሑፍ የሚያገኙት እኩል ነው፤ ይህ ከልብ ያሳስበኛል። «ክሬዲት» የተባለው አሠራር ሐሳብ ማፍለቅን፣ ሶፍትዌር መሥራትንና ረቂቅ መጻፍን ጨምሮ 14 የሥራ ድርሻዎችን ለይቶ ያስመዘግባል። መልካም ጅምር ነው፤ ሆኖም ቅጥርና እድገት የሚወስኑ ኮሚቴዎች ከኤች-ኢንዴክሱ ቁጥር በፊት ይህን መግለጫ ሊያነቡት ይገባል።