ጥፋቱ የኩሽኔታው አልነበረም

አዲስ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው፣ በውጭና በውስጥ ቀለበቶች መካከል ኳሶች ያሉት ዕቃ) በገባ በጥቂት ሳምንት ድምፅ ሲያወጣ ጋራዥ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፦ "ፎርጅድ ነው!" ከዚያ ሻጩ ይረገማል፣ ሌላ ኩሽኔታ ይገዛል፣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ፎርጅድ ዕቃ የለም እያልኩ አይደለም፤ ሞልቷል። ግን ቃሉ ምርመራን ያስቀራል። አንዴ ከተባለ በኋላ ማንም ሰው አሮጌውን ኩሽኔታ ከፍቶ አያይም።

የምነግራችሁ መኪና አነስተኛ የቤት መኪና ናት፤ ሞተሯ የሚያዞረው የፊት ጎማዎቿን ነው። የፊት ቀኝ ኩሽኔታዋ በቅርቡ ሌላ ቦታ ተቀይሯል። ፍጥነት ስትጨምር እንደ ወፍጮ ታጉረመርማለች። በዚያ ላይ የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያግዘው ሥርዓት፣ መብራቷ በርቷል። ባለቤቱ ኩሽኔታውን የገዛው ራሱ ስለሆነ በሻጩ ላይ ጥርሱን ነክሷል። "አዲስ ብሎ ጉድ ሠራኝ እኮ ወንድሜ" ይለኛል ደጋግሞ።

እኛ ጋ ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ መካኒክ አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

"መብራቱ የበራው ድምፁ ሲጀምር ነው ወይስ ኩሽኔታው እንደተቀየረ?"

"እንደተቀየረ። ድምፁ እንኳ ቆይቶ ነው የመጣው።"

"በል ቁልፉን ስጠኝ" አለው ጋሼ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን ጥያቄው ልክ ቦታው ላይ እንደወደቀ ገባኝ። ጥራት የጎደለው ኩሽኔታ ሊጮህ ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን መብራት የሚያበራበት ምክንያት ግን መፈለግ አለበት።

ተለማማጁን ይዘን ወጣን። የኩሽኔታና የጎማ ድምፅ ብዙ ሰው ያምታታል፤ መካኒክም ጭምር። የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል። ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳው ስትገቡ ቅላጼው ይቀየራል። ኩሽኔታ ለአስፋልቱ ግድ የለውም፤ እሱ የሚሰማው ክብደት ነው። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ የቀኙ ኩሽኔታ ይጫነዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን ጋሼ መሪውን ለስለስ አድርጎ ወደ ግራ አለው፤ ጉርምርምታው ጨመረ። ወደ ቀኝ መለሰው፤ ድምፁ ቀነሰ። ቀኙ ነው፤ አለቀ።

ክሪክ ላይ አውጥተናት ተለማማጁ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀ። "ጋሼ፣ ምንም አይወዛወዝም። ኩሽኔታው ደህና ነው ማለት አይደል?" ይህን ብዙ ሰው ያስባል። ጎማ መወዛወዝ የሚጀምረው ኩሽኔታው በጣም ሲበላሽ ነው፤ ድምፁ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይመጣል። ጋሼ የልጁን አንድ እጅ ወስዶ የሾክ አብዞርበሩ ሞላ ላይ አስቀመጠለት። "አሁን በሌላው እጅህ ጎማውን አሽከርክር።" ልጁ አሽከረከረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ሞላው በኩሽኔታው ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ግራውን ሲሞክር ሞላው ዝም አለ። ለዚህ ምርመራ መሣሪያ አያስፈልግም።

መፍታቱን አላረዝምባችሁም። ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ክፍል፣ ካሊፐሩ፣ ወጥቶ በሽቦ ተሰቀለ (በፍሬን ቱቦው ማንጠልጠል ነውር ነው)፣ ዲስኩ ወጣ፣ የኤቢኤስ ሴንሰሩ ተነቀለ፣ ናክል የምንለው ኩሽኔታውን የያዘው ብረት ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ መጣ። በመሐል ግን አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ አሮጌ ነው። የዚህ መኪና ዳዶ ከታሰረ በኋላ ከንፈሩ ወደ ዘንጉ ስንጥቅ ተመትቶ ይገባል፤ እንዳይፈታ። ሲፈታ ይጣላል፣ በአዲስ ይተካል። ይሄኛው ግን ከንፈሩ ሁለት ቦታ ተመትቷል። ተፈትቶ ተመልሶ ታስሯል ማለት ነው። ጋሼ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ ዳዶውን ጠረጴዛው ላይ ለብቻው አስቀመጠው።

ከዚያ ከቢሮ የወረቀት ማያዣ ሽቦ አስመጣ። ተለማማጁ ግራ ገባው።

የዚህ ዓይነት ኩሽኔታ አንዱ ጎን ላይ ያለው ላስቲክ ሽፋን ተራ ላስቲክ አይደለም። ዙሪያውን ሰሜንና ደቡብ ዋልታ እየተፈራረቀ ማግኔት ተደርጎበታል። ሴንሰሩ ከፊቱ የሚያልፉትን ዋልታዎች ቆጥሮ የጎማውን ፍጥነት ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ስለዚህ ማግኔታማው ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ለዓይን ግን ሁለቱ ጎኖች ይመሳሰላሉ። ተገልብጦ ቢገባም ኩሽኔታው ይሽከረከራል፣ መኪናው ይሄዳል። ሴንሰሩ ብቻ ምንም አያይም። ኮምፒውተሩ ሦስት ጎማ እየዞረ አንዱ እንደቆመ ያስባል፣ ኤቢኤሱን ያጠፋል፣ መብራቱን ያበራል። ፍሬኑ ይሠራል፤ ሲንሸራተት ግን የሚያግዘው የለም።

ጋሼ ሽቦውን በሴንሰሩ በኩል ባለው የኩሽኔታው ጎን አስጠጋ። ወደቀ። ሀቡን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ በፕሬስ (በኃይል ገፍቶ በሚያወጣና በሚያስገባ መሣሪያ) ስናወጣው እንደተለመደው ከኩሽኔታው ሁለት የውስጥ ቀለበቶች በውጪ በኩል ያለውን ከነሽፋኑ ይዞ መጣ። ሽቦው እዚያ ጋ ልጥፍ አለ።

"ገልብጠው ነው የከተቱት!" አለ ልጁ።

የመብራቱ ጉዳይ ተፈታ። የድምፁስ? ተገልብጦ መግባት ብቻውን ኩሽኔታን አያስጮህም። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ አዲስ በቀጥታ አስገብቶ መሸኘት። ጋሼ ግን ቀለበቱን በቤንዚን አጥቦ አደረቀና መብራት ስር አዘነበለው። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ መስታወት ነው። ትንሽ ሲዞር ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ላይ ደብዘዝ ያሉ ነጥቦች ወጡ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ በእኩል ርቀት። ልጁ ጥፍሩን አስሄደበት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ያዘው።

በእርጅና የተበላ ኩሽኔታ እንዲህ አይደለም። እሱ ብረቱ ይላላጣል፣ ይቆረቆራል። ውሃ የገባበት ደግሞ ይዝጋል፣ ግሪሱም ይበላሻል። የዚህ ግሪስ ግን ንጹሕ ነበር። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ከኳሶቹ ርቀት ጋር ልክ ነው። ኳሶቹ በቆሙበት ተመትተው ቀለበቱን ወግተውታል። ኳስ ቀለበቱን የሚነካው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ስለሆነ የመዶሻ ምት በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ብረቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ድምፅ ላይኖር ይችላል። ኳሶቹ ስርጉዶቹ ላይ እየዘለሉ ሲሄዱ ግን ይሰፋሉ፤ ጉርምርምታው ይመጣል።

እኔ ሰው መዶሻ ለምን እንደሚወድ ይገባኛል፤ ሲመቱ ሥራ እየተሠራ ይመስላል።

አዲሱን ስናስገባ ጋሼ ለልጁ ያስተማረው ፕሬሱ የቱ ጋ እንደሚገፋ ነው። ኩሽኔታ ናክሉ ውስጥ ሲገባ የሚጠብቀው የውጭ ቀለበቱ ስለሆነ መገፋት ያለበት የውጭ ቀለበቱ ነው። የውስጡን ብትገፋ ኃይሉ በኳሶቹ ውስጥ አልፎ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሀቡ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አሁን ጥብቅ የሚሆነው ሀቡና የውስጥ ቀለበቱ ናቸው፤ ስለዚህ ከስር ድጋፍ የሚያስፈልገው የውስጥ ቀለበቱ ነው። በትክክል አስገብተው እዚህች ሁለተኛዋ ላይ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው፤ ናክሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሀቡን ከላይ ይጫኑታል፣ ኳሶቹ ይቀጠቀጣሉ። ልጁ ልኩ የሆነ ቱቦ ፈልጎ ከስር አቆመ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

ዳዶው አዲስ ሆነ። አየር መፍቻው ፈታ እንጂ አላሰረም፤ የመጨረሻው ጥብቀት የጥብቀቱን ልክ በሚለካው መፍቻ፣ በቶርክ ሬንች፣ በመኪናው ማኑዋል ቁጥር ነው። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ ከ180 እስከ 250 ኒውተን ሜትር መሐል ይሆናል፤ ግን የየራሳቸውን ማየት ግድ ነው። ያ ዳዶ ዘንጉን ብቻ ሳይሆን የኩሽኔታውን ሁለት የውስጥ ቀለበቶች አንድ ላይ ያጣብቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ፣ ጎማው መሬት ሳይነካ ነው ያሰርነው። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ ማውረድ አዲሱን ኩሽኔታ በክብደቷ መጉዳት ነው።

ባለቤቱ ሲመጣ ልጁ ቀለበቱን አሳየው። ሰውዬው ጥፍሩን አስሄደበት፣ ደገመው። ስለ ሻጩ ምንም አላለም። "ታዲያ ግራውም አብሮ ይቀየር?" አለ። አያስፈልግም አልነው። የፍሬን ሸራ በጥንድ ይቀየራል፤ ኩሽኔታ ግን የተበላሸው ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ግራው ደግሞ ሲፈተሽ ደህና ነበር።

አብሮን ሞከራት። መብራቱ ጠፍቷል፣ ጉርምርምታው የለም። ትንሽ እንደሄድን ግን ጆሮውን ቀሰረ። "አሁንም ይሰማኛል። ከኋላ።" እውነቱን ነው፤ ትልቁ ድምፅ ሲጠፋ ትንሹ ወጣ። ስንመለስ ጋሼ እጁን የኋላ ጎማው ላይ አስኬደው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ወደ ሌላው ይቧጥጣል። ጎማው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተበልቷል።

"ጎማ ከመግዛትህ በፊት ለምን እንዲህ እንደበላ እንይ" አለውና ክሪኩን ወደ ኋላ ገፋው።