ለአንድ ሌሊት ብቻ

ቲመልስዮኽ የሚባለው የተራራ በር ኦስትሪያን ከጣሊያን ያገናኛል። ማታ 2 ሰዓት ይዘጋል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይከፈታል። እኔ መዝጊያው ብረት ፊት የደረስኩት 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ነው። ዐሥር ደቂቃዋ የት እንደቀረች አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሌኽ ሸለቆ ውስጥ አንድ ፖሊስ እጅ ላይ ነው የቀረችው።

ፖሊሱ ያስቆመኝ ስለ ፍጥነት አይደለም። በቲሮል ግዛት የሮይተ አውራጃ ከ2020 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቆሞ ሲለካ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል የሚበልጥ ሞተር ብስክሌት በዓመቱ የተወሰኑ ወራት በተወሰኑ መንገዶች እንዳይሄድ ተከልክሏል። መጠኑ ሊብሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከሙኒክ የተከራየኋት ሞተር ሳል እንደያዘው ሽማግሌ ጉሮሮዋን ከመጥረግ በቀር ይህ ነው የሚባል ድምፅ የላትም። ፖሊሱም ይህን በጆሮው ሰምቷል፤ ግን ወረቀቱን ማየት ነበረበት። ወረቀቱ ደግሞ ከሻንጣው ሥር፣ ከካልሲዎቼ በታች ነበር። ሲጨርስ አመስግኖ መልካም መንገድ ተመኘልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ግን ጊዜ ይፈጃል።

ከኢምስት ጀምሮ ዝናቡ አልለቀቀኝም። ባዶ የክፍያ ጣቢያ ፊት ቆሜ በሄልሜቴ ውስጥ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ሰዓት የተዘጋጀ ንግግር አለ። ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ለሚል ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይመለስለታል። ይህን ወደ ጀርመንኛ መልሼ ለመናገር ሞክሬ አላውቅም፤ የሚሰጠኝን መልስ አስቀድሜ ስለማውቀው። «ቦታ አስይዘዋል?»

አላስያዝኩም። በመኪና የሚጓዝ ሰው ማታ የት እንደሚደርስ ያውቃል። በሞተር የሚጓዘውን የሚያደርሱት ዝናቡ፣ ወገቡና ፖሊሱ ናቸው። ስለዚህ እየጠየቅኩ ነው የማድረው፤ ወዳጆቼ ይህን ስንፍና ይሉታል፤ በዚያ ምሽት ብቻ ትንሽ ሳልስማማላቸው አልቀረሁም።

ወደ ሸለቆው ተመልሼ ወረድኩ። ወቅቱ መስከረም ስለነበር የበጋው ተጓዥ ሄዷል፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተተው ገና አልመጣም። ሦስት ሆቴሎች መብራታቸውን አብርተው በራቸውን ቆልፈዋል። በአራተኛው ግድግዳ ላይ ግን የሞተር ብስክሌት ሥዕል ያለበት ሰሌዳ አየሁና ልቤ ሞቀ። በአልፕስ ተራሮች ይህን ሰሌዳ የሚሰቅሉ ማደሪያዎች ብዙ ናቸው። ትርጉሙ ሞተርህን ከዝናብ የሚያስጠልል ቦታ አለን፣ ልብስህን የምታደርቅበት ክፍል አለን፣ ብሎን የምታጠብቅበት መፍቻም አናጣም ማለት ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማነበው።

«አልጋ አለ?»

«ለስንት ሌሊት?»

«ለአንድ ሌሊት ብቻ።»

የእንግዳ ተቀባይዋ ፊት ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ክፍሉ 89 ዩሮ ነው አለችኝ። ደግ ነው አልኩ። ለብቻዬ ስለማድር 20 ዩሮ ይጨመራል። ከሦስት ሌሊት በታች ስለምቆይ 15 ዩሮ ይጨመራል። የመንደሩ የእንግዳ ግብር 3 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። «ሞተሩንስ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ጋራዡ 12 ዩሮ ነው። ሰሌዳው ላይ የተሣለው ሞተር ለካ የክፍያ ዝርዝር አካል ኖሯል። 139 ዩሮ ከ50 ደረሰ፤ ውጭ ዝናቡ ስለ እሷ ሆኖ ይከራከር ነበር።

የመመዝገቢያ ቅጽ ሰጠችኝ። በዚያ አልከፋኝም፤ ኦስትሪያ ውስጥ ማደሪያ የሚያከራይ ሁሉ እንግዳውን መመዝገብ በሕግ ግዴታው ነው። ግን ከእጅጌዬ የሚንጠባጠበው ውኃ ወረቀቱን አራሰውና እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። ልጅቷ አየችኝና በጣም በትሕትና ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። ፎጣ አይደለም፤ ወረቀት።

የልብስ ማድረቂያው ክፍል በ2 ሰዓት ይቆለፋል ተባልኩ። እንግዲህ ዝናብ የሚመታው ሰው ከ2 ሰዓት በፊት ቀድሞ መመታት ነበረበት። ክፍሌ ገብቼ የግድግዳውን ማሞቂያ ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ስልክ ደወልኩ። ማሞቂያው የሚከፈተው በጥቅምት ነው። የቦት ጫማዬን በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ ጀመርኩ፤ የግራው ጫማ ለብ ሲል ማሽኑ ግሎ ጠፋ። ጓንቶቼን የመታጠቢያው ቧንቧ ላይ ሰቀልኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ ይላሉ፤ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ ሌላው ቀስ ብሎ፣ እና ሁለቱ እኩል የሚገጥሙበትን ጊዜ እየጠበቅኩ እስከ 9 ሰዓት ድረስ አልተኛሁም። ገጠሙ፤ ከዚያ እንደገና ተለያዩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ጋራዡ ስወርድ አንድ ትልቅ መኪና የሞተሬን መውጫ ዘግቶ ቆሟል። ባለቤቱን ፍለጋ ቁርስ ቤቱን ዞርኩ፤ ገና አልነቃም። ሲነቃ እንቁላል አዘዘ። ሲጨርስ ሁለተኛ አዘዘ። እኔ ራስጌው ቆሜ የሚበላውን እየቆጠርኩ መሆኔን አውቋል ብዬ አምናለሁ። የወጣሁት 3 ሰዓት ተኩል ነው።

የተራራውን በር በጉም ውስጥ አለፍኩት፤ ምንም አላየሁም፣ ክፍያውን ግን ከፈልኩ።

በጣሊያን በኩል መንገዱ ይጠብና በጨለማ ዋሻዎች ውስጥ አልፎ ወደ ፓሳየር ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያ በታች ሳንክት ሌዮንሃርድ የሚባል መንደር አለ፤ አንድሬያስ ሆፈር በ1767 የተወለደው እዚያ ነው። ቲሮሎች ከሁሉ አስበልጠው የሚያነሡት ጀግናቸው ነው፤ በ1809 ገበሬውን አስነሥቶ የባቫሪያንና የናፖሌዎንን ጦር የተዋጋ፣ በማግስቱ ዓመት ማንቱዋ ላይ በጥይት የተገደለ ሰው። ሥራው ምን እንደነበር ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ባለ ማደሪያ ነበር። መጠሪያውም ከማደሪያው ስም የመጣ ነው። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ፊት ለፊቱ ሞተሬን አቁሜ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያድረውን መንገደኛ ስንት ያስከፍል እንደነበር ሳስብ ትንሽ ቆየሁ። ጫማዬ ገና ጭቅ ጭቅ ይል ነበር።

ሜራኖ ሞቃት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር የፖም ተክል ነው። ስቴልቪዮ ወደሚባለው የተራራ በር በሚወስደው መንገድ ስታጠፍ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ።

እዚህ አገር ከቤት ደጃፍ ላይ «ጺመር ፍራይ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ «ክፍል አለ» ማለት ነው። ክፍሉ ሲያዝ ጽሑፉ ላይ ሌላ ጣውላ ይጋርዱበታል። አገሩ ጣሊያን ነው፣ ሰዉ ግን ጀርመንኛ ይናገራል፤ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ግዛት ነበር። የየመንደሩ ስም በሁለቱም ቋንቋ ነው የተጻፈው። ጎማጎይ ከምትባል መንደር በላይ፣ መጋረጃ ጣውላ ያልተደረገበት ሰሌዳ አይቼ ቆምኩ። የሞተር ሥዕል የለበትም።

በሩን የከፈቱልኝ ሽርጥ የታጠቁ አሮጊት ናቸው።

«ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው» አልኳቸው፤ ሳልጠየቅ፣ እንደ ጥፋተኛ።

እሳቸው ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያዩት። «ጫማህ በስብሷል» አሉኝ።

ጫማህ! ከማያውቁት ሰው ጋር «እርስዎ» ብለው የሚጀምሩት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ሁሉም «አንተ» ይባባላሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ጎማጎይ ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። ለእሳቸው ግን «አንቺ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። የእናቴ እኩያ ናቸው። በጀርመንኛም ቢሆን አንደበቴ እምቢ አለ፤ «እርስዎ» እያልኩ ቀጠልኩ። ሁለት ጊዜ አረሙኝ፤ በሦስተኛው ተስፋ ቆርጠው ሳቁ።

ሞተሯን ጎተራ ውስጥ፣ ከትራክተሩ ጎን እንዳስገባት ነገሩኝ። አስገብቼ የጎን መቆሚያዋን ልዘረጋ ስል «ቆይ!» ብለው ጮኹ። ወለሉ አፈር ነው። ከጥግ ጠፍጣፋ ሳንቃ አመጡና ከመቆሚያው ሥር አጋደሙት። «ሌሊት አፈሩ ይሰጥምና ትወድቃለች» አሉ። «ስንቷ ወድቃለች።» ይህን ሲያደርጉ ሳይ ለማደር የመጣሁበትን ቤት እንዳገኘሁ አወቅኩ። 139 ዩሮ ያስከፈለኝ ሆቴል ውስጥ የጎን መቆሚያ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ጫማዬን ወሰዱት። ጋዜጣ ጨምድደው እስከ ጣቶቹ ድረስ ሞሉትና ከሸክላው ምድጃ ራቅ አድርገው አቆሙት። እኔ ላስጠጋው ስል እጄን መለሱኝ፤ ቆዳ በእሳት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውኃውን ወረቀቱ ይጠጣዋል። እኔ ግን በዋዜማው ሌሊት በፀጉር ማድረቂያ ስቀቅለው ነበር። ጠዋት ስነሣ በጫማው ውስጥ ያለው ጋዜጣ ሌላ ነበር። ሌሊት ተነሥተው ቀይረውታል።

ቤቱን ቤተ መንግሥት አላስመስለውም። አልጋው አጭር ነው፤ እግሬ ከእንጨቱ ጋር ሲጣላ አደረ። የበሩን መቃን ሁለት ጊዜ በግንባሬ መታሁት። መጸዳጃው በአገናኝ መንገዱ ጫፍ ነው፣ መብራቱም ሰዓት ቆጥሮ የሚጠፋ ዓይነት፤ ቆጣሪውን የገጠመው ሰው በጣም ፈጣን ሰው መሆን አለበት። ጎረቤት ያለው አውራ ዶሮ ደግሞ ሰዓት አያውቅም። እዚህም ፓስፖርት ተጠይቄአለሁ፤ ጣሊያንም ውስጥ እንግዳን ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሮጊቷ ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚችለው አርቀው ፎቶ አነሡት፤ ሦስቴ አውራ ጣታቸውን ነው ያነሡት። ግን ተኛሁ። እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ቁርስን ጨምሮ 48 ዩሮ። 50 ሰጥቼ መልሱን ይተዉት ብል ተቆጡ፤ ሁለቷን ዩሮ ከመሳቢያ ፈልገው እጄ ላይ አስቀመጡ።

ጎተራው ስገባ አንዲት ዶሮ የሞተሯ መቀመጫ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ሳባርራት የተወችልኝን አየሁ። በውኃና በጨርቅ ጠረግኩት፤ ከስፌቱ ውስጥ የገባው ግን አልወጣም።

ስለ ስቴልቪዮ ብዙዎች ስለሚያወሩ እኔ አላበዛም። በ1820 እና በ1825 መካከል ኦስትሪያ ሎምባርዲያን ከግዛቷ ጋር ለማገናኘት ያሠራችው መንገድ ነው፤ ከዚህ በኩል ሲወጣ 48 ቁጥር የተሰጣቸው መታጠፊያዎች አሉት፣ ጫፉ 2,757 ሜትር ነው። በ20ኛው መታጠፊያ አካባቢ ፍሪሲዮን የምይዝበት እጄ ዛለ። በጫፉ ላይ ቋሊማ፣ ካናቴራና ግርግር አለ። አምስት ደቂቃ ቆሜ በኡምብራይል በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ወረድኩ።

ስለ ሦስተኛው ሌሊት የምለው የለኝም። ንጹሕ ነበር፣ ውድ ነበር፣ ስዊዘርላንድ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ከላንዴክ ወደ አርልበርግ ስወጣ ሳንክት ክሪስቶፍ ላይ ቆምኩ። በ1386 ሃይንሪኽ ፊንደልኪንድ የሚባል እረኛ እዚህ ለመንገደኛ መጠለያ ሠርቷል። የአባት ስሙ የሚመስለው «ተጥሎ የተገኘ ልጅ» ማለት ነው። ተራራውን ሲሻገሩ በበረዶ የሞቱ ሰዎችን እያየ፣ ከብት ጠብቆ ያጠራቀማትን ጥሪት ለዚህ አዋላት፤ ከመስፍኑ ከሊዮፖልድ ሦስተኛ ፈቃድ ተቀበለ፤ ገንዘብ ሲያልቅበት አገር ለአገር እየዞረ ለመነ። እሱ የጀመረው የወንድማማቾች ማኅበር ዛሬም አለ። ጥንታዊው ቤት በ1957 ተቃጥሏል። አሁን በቦታው ያለው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ዋጋ አልጠየቅኩም።

በፍሌክሰንና በሌኽ ሸለቆ ዞሬ ሮይተን አለፍኩ፤ ሊብሬውን በዚህ ጊዜ የደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር፣ ማንም አላስቆመኝም። ሙኒክ የደረስኩት ቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። የሞተር አከራዩ በእጁ ባትሪ ይዞ ጎማውን፣ ሰንሰለቱን፣ ጭረት ያለበት መስሎት ነዳጅ ጋኑን መረመረ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ መቀመጫው ላይ ሲደርስ አጎነበሰና ስፌቱን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፤ አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዶሮ» አልኩት።

ለጽዳት 30 ዩሮ ጻፈ። ሳልከራከር ከፈልኩ።