ፊሊፒንስ የወደደችው ኩቦ

ዋታሩ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሊቨርፑል ከገባ ወዲህ፣ በምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ጃፓን እግር ኳስ ተጫዋቾች የሚጠይቀው አድማጭ በዛ። አለቃችን አንድ ዓርብ ጠራኝና «ከኤንዶ፣ ከሪያል ሶሲዬዳዱ ታኬፉሳ ኩቦና ከብራይተኑ ካኦሩ ሚቶማ በኢንተርኔት ይበልጥ የሚፈለገው ማን ነው? ለነገ አምስት ደቂቃ አዘጋጅልኝ» አለኝ።

ቀላል ሥራ መሰለኝ። ሰው በጉግል ምን ምን አዘውትሮ እንደሚፈልግ የሚያሳየውን ጉግል ትሬንድስ ከፍቼ ሦስቱን የቤተሰብ ስሞች በላቲን ፊደል ጻፍኩ። ኩቦ ቀደመ፣ ኤንዶ ተከተለ፣ ሚቶማ ግን ከመሬት ሊነሣ አልቻለም። ይህ ብቻውን ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ከስፔን ጋር ሲጫወቱ ኳሷን ከመስመሩ ጠርዝ መልሶ ለአኦ ታናካ ያቀበለው፣ ዓለም «ኳሷ ወጥታለች፣ አልወጣችም» እያለ ፎቶግራፍ እያጎላ የተከራከረበት ሰው እኮ ነው! ነገር ግን ኩቦ በየአገሩ ምን ያህል እንደተፈለገ የሚያሳየው ካርታ አማለለኝ። ከአገሮች ሁሉ ደምቃ የምትታየው ፊሊፒንስ ነበረች። ቅዳሜ ማታ ድምፄን አጎርንኜ «ፊሊፒናውያን ኩቦን ከጃፓኖች አብልጠው ይወዱታል» አልኩ። ምክንያትም አላጣሁለትም፤ የእስያ ወንድማማችነት ነው ብዬ ተነተንኩ።

ከስቱዲዮ ስወጣ የድምፅ ባለሙያችን እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ጠበቀችኝ። ዱባይ ለሰባት ዓመት ከፊሊፒናውያን ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ኖራለች። «ወንድሜ፣ ኩቦ እኮ በእነሱ ቋንቋ ጎጆ ነው። ከቀርከሃ የሚሠራ ጎጆ!» ኤንዶም ቢሆን የኳስ ስም ብቻ አልነበረም። ፊሊፒንስ ውስጥ ሠራተኛ ስድስት ወር ሞልቶት ቋሚ እንዳይሆን ውሉ ቀድሞ የሚቋረጥበት አሠራር መጠሪያ ነው። አንዷ የክፍል ጓደኛዋ አገሯን ጥላ የወጣችው በዚሁ ኤንዶ ተማርራ ነበር። የእርሷን ምሬት እኔ ለሊቨርፑል ደጋፊነት ቆጥሬዋለሁ።

እሑድ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ትሬንድስ ስም ሲጻፍለት ምርጫ ይሰጣል፤ አንዱ የተጻፈውን ቃል ብቻ ይፈልጋል፣ ሌላው «የእግር ኳስ ተጫዋች» ተብሎ የተለየውን ሰው። ሁለተኛው ሲመረጥ በየቋንቋውና በየፊደሉ የተፈለገው በአንድ ላይ ይደመራል። ጃፓኖች ሚቶማን በራሳቸው ፊደል እንጂ በላቲን ለምን ይፈልጉታል? ይህን ለማወቅ ቶኪዮ መሄድ አያሻም ነበር፤ «ፀሐይ»ን በየትኛው ፀ፣ በየትኛው ሐ ልጻፍ እያልኩ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። በአዲሱ ካርታ ፊሊፒንስ ደበዘዘች፣ ጃፓን ደመቀች፣ ሚቶማም ቀና አለ። 100 የሚለው ቁጥር በተመረጠው ጊዜ የታየው ከፍተኛው ፍላጎት እንጂ የሰው ብዛት አለመሆኑን ያነበብኩትም ያን ዕለት ነው። ደግነቱ በአየር ላይ «መቶ ሺህ» አላልኩም።

ማስተካከያውን በቀጣዩ ቅዳሜ ራሴ አነበብኩት። ባለሙያዋ ግን ሶሲዬዳድ በተጫወተ ቁጥር እስከ ዛሬ በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሆና በጆሮ ማዳመጫዬ ትጠይቀኛለች፦ «ጎጆው ዛሬ ቆመ ወይስ ፈረሰ?»