ዱከም፣ እሁድ ጠዋት

ዱከምን አብዛኞቻችን የምናውቃት በጥሬ ሥጋዋ ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር አትርቅም። እኔ ግን የሄድኩት ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችውን ትንሽ የመሠረተ ክርስቶስ (የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያ ለማየት ነበር።

አዳራሹ ጭቃ ቤት ነው። ቦታው ሲጠብ የኋላውን ግድግዳ አፍርሰው በቆርቆሮ አስረዝመውታል። መጀመሪያ የኦሮምኛው ፕሮግራም ነው፣ ቀጥሎ የአማርኛው። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ግቢው በሰላምታ ይሞላል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለሁለቱም ያገለግላል።

ከአምልኮው በኋላ መሪው "ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እስቲ ተነሱልን" አለ። ተነሳሁ። አብረውኝ የቆሙት ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሆሳዕና፣ ከሶዶ፣ ከዱራሜ መጥተው በኢንዱስትሪ ዞኑ ፋብሪካዎች የተቀጠሩ። ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ዘመረልን። ይሄ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለ ነው። የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንዲት እናት ደብተር ይዘው በር ላይ ቆሙ። ሻይና ዳቦ ቆሎ እየቀረበ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። "ቤት አገኘሽ ልጄ? ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ፈረቃሽ የስንት ሰዓት ነው?" አንዷ ሌሊት እንደምትወጣ ስትናገር ዘወር አሉና በዚያው መንገድ የምትመላለስ ሌላ ልጅ ጠሩ። "ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ነው የምትሄዱት።" አለቀ። ስልክ ተለዋወጡ። ለአዲስ መጤ ልጅ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ነገር ነው፣ እኔ እንደማምነው።

ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ የመሠረተ ክርስቶስ አጀማመር ታሪክ መጣ። ሜኖናይት የሚባሉት የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖች ከጣሊያን ወረራ በኋላ መጥተው ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። በሰኔ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች ተጠመቁ። በጥር 1974 ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋት፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። ያኔ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ወድቆ በአደባባይ ሲሰበሰቡ ግን ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

እንዴት? በየቤቱ። እኚህ እናት ያኔ ናዝሬት ነበሩ። "አምስት፣ ስድስት ሆነን ነው የምንሰበሰበው። ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ የመጣ ይመስላል። ጫማ በር ላይ አይወልቅም፣ ብዛታችን እንዳይታወቅ ወደ ውስጥ ይገባል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ሲበዙ ለሁለት ይከፈላሉ።"

"አዲስ ሰው ሲመጣስ አይፈራም?" አልኳቸው። ለቀበሌ የሚያሳብቅ ሊሆን ይችላላ።

"እንዴት አይፈራ! ግን የተጠማ ሰው በር ላይ ቆሞ ምን ታደርገዋለህ? ታስገባዋለህ። ስሙን ትይዛለህ፣ ቤቱን ታያለህ፣ ሲታመም ትጠይቀዋለህ። ሰውን ሳታውቀው አብረኸው መጸለይ አትችልም ነበር።"

የደብተሩ ነገር ያኔ ገባኝ። ትላልቅ የከተማ አዳራሾች ውስጥ ዓመት ሙሉ ተመላልሶ ስሙን የጠየቀው የሌለ ሰው አውቃለሁ። እዚህ ሻዬን ሳልጨርስ ሦስት ሰው ምሳ ጠራኝ።

የቤት ለቤት ኅብረቱ ዛሬም አልቀረም። በሳምንቱ መሃል፣ ማታ ማታ፣ በየሰፈሩ ይገናኛሉ። የሌሊት ፈረቃ ላላቸው ደግሞ ጠዋት የሚሰበሰብ አንድ ቡድን ከፍተዋል። እናትየው ያቺን አዲስ ልጅ እዚያ መደቧት። ቡድኑ የሚሰበሰበው እሳቸው ቤት ነው፤ ቁርስም አለው።