ስምንት ወር ያቅማማሁበት ብሮውዘር

ሱቄ ትንሽ ናት። ፎቶ ኮፒ፣ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ዲቪ ሲከፈት ደግሞ ፎርም መሙላት። ሁሉም ሥራ የሚያልፈው በአንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ዊንዶውስ 7፣ 4 ጊጋ ራም። የአማርኛ መጻፊያዬም የፕሪንተሩ ድራይቨርም እሱ ላይ ስለተጫኑ ልነካው አልፈልግም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የምጠቀምበት ብሮውዘር (የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ) ክሮም 110ኛ ዕትሙ ሲወጣ ዊንዶውስ 7 ላይ መሥራቱን ተወ። እኔ 109 ላይ ቀረሁ። ክሮምን በከፈትኩ ቁጥር፣ ማዘመን ከፈለግክ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ያስፈልግሃል የሚል ማስታወቂያ አናቱ ላይ ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት እዘጋዋለሁ። አዲስ ነገር ከባድ ነው፣ ይሄ ማሽን ደግሞ እንደሆነ ድሮም ይንቀራፈፋል፣ ለምን አባብሰዋለሁ እያልኩ ስምንት ወር አለፈ።

ያነቃኝ የእንቁጣጣሽ ሰሞን የሰማሁት ነገር ነው። ዌብፒ የሚባለውን የምስል ዓይነት የሚከፍተው ኮድ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ለተንኮል የተሠራ ምስል ያለበትን ገጽ መክፈት ብቻ ለጥቃት ያጋልጣል፤ ምንም ዳውንሎድ ማድረግ አያስፈልግም። ጎግል ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ክሮም 116 ላይ ደፈነው፣ ፋየርፎክስ የሚባለውን ብሮውዘር የሚሠራው ሞዚላም በማግስቱ። የእኔ 109 ግን እንዳለ ቀረ። እኔ ጋ ደግሞ ሰው ኢሜይሉን ይከፍታል፣ የፓስፖርቱን ቅጂ ይልካል። የሰው አደራ ነው።

መጀመሪያ የፍጥነቱን ነገር ለብቻው አየሁት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ሁልጊዜ የምጠቀምባቸውን አምስት ገጾች ከፈትኩ፣ ከዚያ ክሮም ውስጥ ሺፍትና ኢስኬፕን አብሬ ተጫንኩ። የትኛው ታብና የትኛው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ስንት ራም እንደያዘ ይዘረዝራል። ራሙን የሚበሉት አንድ ጊዜ ጭኜ የረሳኋቸው የቪዲዮ ማውረጃና የፒዲኤፍ መቀየሪያ ነበሩ። ሁለቱን ሳነሳቸው ማሽኑ ቀለለው። ለካ ስምንት ወር ሙሉ የፈራሁት ክብደት ከማዘመን ጋር አይገናኝም።

ለደህንነቱ ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአርን (ለረጅም ጊዜ ጥገና የሚደርሰውን ዕትም) መረጥኩ፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል፣ የደህንነት ጥገናም ይደርሰው ነበር። ያወረድኩት ከራሱ ከሞዚላ ገጽ ነው። ዕልባቶቼን ከክሮም ሳመጣ ግን ፓስወርዶችም አብረው መጡ፣ ዝርዝሩን ስከፍተው ደነገጥኩ። የእኔ ጥቂት ናቸው። የቀሩት በሙሉ የደንበኞቼ! አስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ በችኮላ እሺ ያልኩት ሁሉ ለዓመታት ተጠራቅሟል። ያን ቀን ሥራ አቁሜ ከሁለቱም ብሮውዘሮች አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ፓስወርድ ማስቀመጡን ዘጋሁ፣ ፋየርፎክስ ሲዘጋ ኩኪና ታሪክ ራሱ እንዲያጠፋ አደረግኩ። የማገኛቸውን ደንበኞች ፓስወርዳችሁን ቀይሩ አልኳቸው፤ ማፈሬን አልደብቅም። የሰው አካውንት የሚከፈትበት ማሽን ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ያንን ዝርዝር እዩት፤ ከማዘመን እኩል አስቸኳይ ነው።

ፍጥነቱ? ፋየርፎክስ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ራም ሲያንስ ያልነካናቸውን ታቦች ራሱ ስለሚያሳርፍ ብዙ አይጨናነቅም። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ስጨምርበት ማስታወቂያው ስለጠፋ የኢንተርኔት ጥቅሌም በረከተ።

ያም ሆኖ ጊዜያዊ ነበር። ብሮውዘሩ ቢጠገንም ዊንዶውስ 7 ራሱ ለእንደኔ ዓይነቱ ተጠቃሚ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ጥገና አያገኝም። ገንዘብ አጠራቅሜ ዊንዶውስ 11 የሚችል ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ዲቪውም ኢሜይሉም ወደዚያ ሄደ። የአሮጌውን የኔትወርክ ገመድ ነቅያለሁ። አሁን አማርኛ ይጻፍበታል፣ ያትማል።