ወለሉን ስተወው ቤቱ ሞቀ

ዛሬ ጠዋት በባዶ እግሬ ከአልጋ ወረድኩ። ወለሉ ትኩስ አይደለም፣ ግን ቅዝቃዜም የለውም። ልክ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሳ ወንበር ለብ ብሏል። እውነት በጣም ደስ አለኝ።

ሂት ፓምፕ (በመብራት የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ማሽን) እና የወለል ማሞቂያ (ሙቅ ውሃ ወለሉ ውስጥ በቱቦ የሚያዞር) ካስገባን ጀምሮ ስሳሳት ነበር። ማታ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ሲበርደኝ የሙቀት መቆጣጠሪያውን (ቴርሞስታቱን) ወደ 25 ዲግሪ እሰቅለዋለሁ። ቱቦዎቹ የተቀበሩት ኮንክሪት ውስጥ ስለሆነ እሱ እስኪሞቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ቤቱ ያፍናል፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ቆጣሪው ይሮጣል።

በዚህ ሳምንት መነካካቱን ተውኩ። ቀንም ሌሊትም 20 ላይ። ወደ ወለሉ የሚሄደውን ውሃ ደግሞ ከ45 ወደ 35 ዲግሪ አወረድኩት። ዋናው ነገር እሱ ነው። ሂት ፓምፕ አብዛኛውን ሙቀት ከውጭ አየር ሰብስቦ ነው ወደ ቤት የሚያስገባው፣ ስለዚህ ውሃው ለብ ማለት ብቻ ከበቃው ድካሙ ይቀንሳል፣ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

ረፋድ ላይ ግን ደነገጥኩ። የውጪው ማሽን ፋን ቆመ፣ ከጀርባው ነጭ እንፋሎት ተነሳ። ተቃጠለ ብዬ ሮጥኩ። ለካ ማሽኑ ስስ የብረት ክንፎቹ ላይ የያዘውን በረዶ እያቀለጠ ነው! ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃው ጠብ ጠብ አለና ፋኑ ራሱ ተነሳ።

አሁን ልጄ ምንጣፉን ጠቅልላ ወለሉ ላይ ተዘርግታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እናንተስ የውሃውን ሙቀት ስንት ላይ ነው ያደረጋችሁት?