የራሴ ምስማር መምቻ

ቅዳሜ ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ዛሬ የራሴን ምስማር መምቻ፣ በአየር ግፊት ምስማር የሚያስገባውን መሣሪያ፣ ገዛሁ። ከሳጥኑ አውጥቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ሽሮውን የምታቀርብበት ቦታ አጥታ ሁለት ጊዜ «አንሣልኝ» ብላኛለች፤ እኔ ግን ገና አይቼ አልጠገብሁትም። አራት ዓመት ሙሉ በሰው መሣሪያ ስሠራ ቆይቼ የራሴን ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሳልጽፍ መተኛት አልሆነልኝም።

የምንሠራው በ270 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ በሚደረስበት በፍሬድሪክ ነው። ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሠሩ ቤቶችን የእንጨት አጽም እናቆማለን። አለቃችንና አብዛኞቹ ባልደረቦቼ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ስለሆኑ ሥራውን የተማርሁት በስፓኒሽ ነው። ምስማሩ «ክላቮ»፣ መምቻው «ፒስቶላ» ይባላል። ከፋሲካ በኋላ ግን ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር የግድግዳ ሥራ በራሳችን ልንይዝ ተስማምተናል። አየሩን የሚያምቀውን ኮምፕሬሰርና ቱቦውን በመኸር ገዝቼ ነበር፤ የቀረኝ ይህ ነበር።

አባቴ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ብዙ ቤት ያቆሙ አናጺ ናቸው። የልጅነት ሥራዬ ምስማር ማቀበልና የጎበጠውን ማቃናት ነበር። የደረቀ ባሕር ዛፍ ምስማር በቀላሉ አያስገባም። አባባ የጎበጠውን እየነቀሉ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ያጠራቅሙታል፤ እኔም ማታ ማታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እያገላበጥሁ በመዶሻ አቃናዋለሁ። አንድ ምስማር ሁለት ሦስት ቤት ያያል። ዛሬ በአንድ ጭነት ከ200 በላይ ምስማር የሚይዝ መሣሪያ ስመርጥ ያ ድንጋይ በተደጋጋሚ ፊቴ ላይ ድቅን ይል ነበር።

ምርጫው በሁለት ዓይነት መካከል ነበር። በአንደኛው ዓይነት ምስማሮቹ በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ተያይዘው ቀጥ ባለ ረድፍ ይገባሉ። በሁለተኛው ደግሞ በቀጫጭን ሽቦ ተበይደው፣ እንደ ዝናር ተጠቅልለው፣ ከበሮ በሚመስል ክብ ማኖሪያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ባለ ረድፉ በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ያህል ምስማር ቢይዝ ነው፤ ባለ ጥቅሉ እንደ ምስማሩ ውፍረትና ርዝመት ከ200 እስከ 300 ይይዛል። አለቃችን ሁለቱም ስላሉት ሁለት ሳምንት እያፈራረቀ አዋሰኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው በእጄ ስላየሁት ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ምስማር መቁጠር ነበር። የ20 ጫማ ግድግዳ ወለል ላይ አጋድመን ስንገጥም ቋሚዎቹ በየ16 ኢንቹ ስለሚቆሙ 16 ቋሚ ይኖረዋል። እያንዳንዱ ቋሚ ከታች አግዳሚ ጋር ሁለት፣ ከላይ አግዳሚ ጋር ሁለት ምስማር ይፈልጋል፤ ይህ ብቻ 64 ነው። በላይኛው ላይ የሚደረበው ሁለተኛ አግዳሚ ሲጨመር ወደ 90 ይጠጋል፤ የመስኮትና የበር ክፈፍ ገና አልተቆጠረም። በባለ ረድፉ አንዱን ግድግዳ ሳልጨርስ ጎንበስ ብዬ ከወገቤ ቦርሳ ረድፍ እመዝዛለሁ። በባለ ጥቅሉ ሁለተኛውን ግድግዳ ጨርሼ ወደ ሦስተኛው እሻገራለሁ። ለመሙላት የሚጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚያደክመው መቋረጡ ነው። እጅ አንዴ ልኩን ካገኘ ባያቋርጡት ይወዳል።

ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም። መሣሪያው ራሱ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲሞላ ምስማሩ ብቻውን ከ1 ኪሎ በላይ ይጨምርበታል። ወለል ላይ ለተጋደመ ግድግዳ ክብደቱ ራሱ ስለሚጫን ያግዛል። መሰላል ላይ ቆሞ ከራስ በላይ ወራጅ ለሚመታ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ትከሻው ላይ ይናገራል። እኛ የምንይዘው የግድግዳ ሥራ በመሆኑ በዚህ አመዛዘንሁ። ዋና ሥራዬ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ ባለ ረድፉን እገዛ ነበር፤ ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በግልጽ እናገራለሁ።

ሌላም ያስተዋልሁት አለ። በወረቀት የተያያዘው ረድፍ ዝናብ ሲነካው ያብጥና መሄጃው ላይ ይጣበቃል። በፕላስቲክ የተያያዘው ሲመታ ስብርባሪው ፊት ላይ ይረጫል። ጥቅሉም ንጹሕ አይደለም፤ የሽቦ ቁርጥራጭ ይወረውራል፤ መነጽር ሳያደርጉ መንካት ለዓይን አደገኛ ነው። ጥቅሉ ከእጅ ወድቆ ቅርጹ ከተጣመመ ደግሞ ምስማሩ ወደ አፍንጫው፣ ማለትም ወደሚወጣበት ጫፍ፣ በትክክል ስለማይጎተት ይነክሳል፤ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ሲነክስ ለማላቀቅ ከመሞከር በፊት ቱቦውን ከመሣሪያው መንቀል ግዴታ ነው። ይህን ያስተማረኝ አለቃችን ነው፤ አንድ ቀንም ሲዘነጋው አላየሁም።

ስለ ምስማሩ ራስም ጠይቄ ነበር። ለባለ ረድፎቹ ከሚሸጡት ምስማሮች አንዳንዶቹ ተጠጋግተው እንዲደረደሩ ራሳቸው በአንድ ጎን የተቆረጠ ነው፤ ይህን የማይቀበሉ የሕንፃ ደንቦች አሉ። የጥቅሉ ምስማር ራስ ሙሉ ክብ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ በምስማር ራስ ክርክር መግጠም አልፈልግም።

ሱቅ ውስጥ ለጥቂት ልሳሳት ነበር። ቀድሞ ሂታቺ ይባል የነበረውና ከ2018 ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ሜታቦ ኤችፒቲ በሚል ስም የሚሸጠው አረንጓዴ መሣሪያ በሁለት መጠን ተደርድሯል፦ ኤንቪ 65 እና ኤንቪ 83። ሁለቱም ባለ ጥቅል ናቸው፤ መልካቸውም ይቀራረባል። 65ቱ ቀለል ስለሚል እጄ ወደ እሱ ሄደ። ቁጥሩ ግን የሚወስደው ረጅሙ ምስማር በሚሊሜትር ነው። 65ቱ የሚወስደው እስከ 2 ኢንች ተኩል ሲሆን የተሠራው ለቤት ውጭ ልባስና ለመሳሰለው ነው። «ሁለት በአራት» የምንለው እንጨት በእውነት የሚወፍረው 1 ኢንች ተኩል ነው። 2 ኢንች ተኩል ምስማር አግዳሚውን አልፎ ቋሚው ውስጥ የሚገባው 1 ኢንች ብቻ ነው፤ ይህ ግድግዳ አያቆምም። በ3 ኢንች ከሩብ ምስማር ግን 1 ኢንች ከሦስት ሩብ ይገባል። ስለዚህ 83ቱን አነሣሁ። ቤት ሊያቆም ፈልጎ የልባስ መምቻ ገዝቶ የሚመለስ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ፤ መደርደሪያው ላይ ይህን የሚነግር ጽሑፍ አላየሁም።

እስካሁን የጻፍሁት ግን ልቤን የያዘው ነገር አይደለም። ልቤን የያዘው ቃታው ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በሌላ ሥራ ቦታ፣ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ጣቱን ቃታው ላይ እንዳደረገ ከመሰላል ሲወርድ የመሣሪያው አፍንጫ ጭኑን ነካው። ምስማሩ እስከ ራሱ ገባ። ልጁ አልጮኸም፤ መሰላሉን ይዞ ቆሞ እግሩን ይመለከት ነበር። ሁለት ሆነን ይዘነው ወረድን። ሐኪሞች አወጡለት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ወደ ሥራ ተመለሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሲነካው የወጣው ድምፅ እንጨት ሲመታ ከሚወጣው የተለየ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁም።

ያ መሣሪያ ቃታው ተይዞ አፍንጫው የነካውን ሁሉ የሚመታ ዓይነት ነው። ሌላው ዓይነት ቃታ አለ፦ አፍንጫው መጀመሪያ እንጨቱን መጫን አለበት፤ ከዚያ ቃታው ይሳባል፤ አንድ ምስማር ብቻ ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ቃታው መለቀቅ አለበት። ኦሻና ናዮሽ የተባሉት የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በ2011 ለግንባታ ተቋራጮች ያወጡት መመሪያ በምስማር መምቻ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱ ሰዎች በዓመት 37,000 ያህል እንደሆኑ ይናገራል። በሚነካው ሁሉ የሚመታው ቃታ የጉዳቱን ዕድል ከአንድ በአንዱ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ እንደሚያደርገውም ጽፏል።

አለቃችን ጥሩ ሰው ነው፤ በዚህ ግን አልተስማማንም። «አንድ በአንድ እየመታህ እንጀራ አትበላም» አለኝ። የእሱን ፍጥነት አይቻለሁ፤ ሰሌዳ ሲመታ ከበሮ የሚመታ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ያው መመሪያ አሥር ልምድ ያላቸው አናጺዎች በሁለቱም ቃታ አንድ ዓይነት ትንሽ ቤት እንዲሠሩ ተደርጎ ጊዜያቸው እንደተለካ ይነግረናል። ፈጣኑ ቃታ የመምቻውን ጊዜ በ10 በመቶ አሳጥሯል፤ መለካቱና መቁረጡ ሁሉ ሲታሰብ ግን ልዩነቱ ከጠቅላላው ሥራ 1 በመቶ አይሞላም። የቤት ሥራ ጊዜ የሚሄደው ለመለካት፣ ለመቁረጥ፣ ለማንሣትና ለማቃናት ነው። 1 በመቶ ማለት በ8 ሰዓት ውስጥ 5 ደቂቃ አይሞላም። ለ5 ደቂቃ ብዬ አብረውኝ የሚሠሩትን የሁለት ሰው ልጆች ጭን አላስይዝም።

ስለዚህ ቃታው አንድ በአንድ ብቻ እንዲመታ ሆኖ ይሠራል፤ ከእኛ ጋር የሚሠራ ሁሉ በዚሁ ይሠራል። ከሁለቱ ጓደኞቼ ጋር ትናንት በስልክ ተነጋግረናል። አንደኛው ወዲያው ተስማማ፤ ሁለተኛው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «የዚያን ልጅ ነገር እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

ከሱቅ እንደተመለስሁ ለአባባ ደወልሁ። እዚያ መሽቶ ነበር፤ መብራት ስለነበረ ፊታቸው በደንብ ይታያል። መሣሪያውን ወደ ስልኩ አስጠግቼ ከበሮውን ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ይህ ሁሉ ምስማር ነው?»

«አዎ አባባ፤ እስከ 300 ይይዛል።»

«መዶሻ የለውም?»

«አየሩ ነው የሚገፋው። እርስዎ በአራትና በአምስት ምት የሚያስገቡትን በአንድ ጊዜ ያስገባዋል።»

ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ «የጎበጠውንስ ማን ያቃናዋል?» አሉኝ።

እዚህ የጎበጠ ምስማር ተነቅሎ እንደሚጣል ነገርኋቸው። ዝም አሉ። «መሬት ላይ?» አሉ ቆይተው። እውነቱ መሬት ላይ ነው፤ ባለፈው ወር ሁለት የባልደረባ ጎማ በዚሁ ተበስቷል። «የሰው እግርም አለ ልጄ፤ ጣሳ ያዝ» አሉኝ።

ባለቤቴ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችኝ። መሣሪያውን ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ፤ ዘይቱንና መነጽሩን አብሬ አስገብቻለሁ። ከሳጥኑ ጎን ታጥቦ የደረቀ የቲማቲም ድልህ ጣሳ አስቀምጫለሁ።